ከላላ እስከ በላ

ጥቅምት 9

የወንድሜ ልጅ ክርዬ፣

ሰላምታዬ ደጅሽን አያጣው፤ እጅሽ የነካው ይስመር፤ ዐይንሽ አይፍዘዝብሽ። እኔ አክስትሽ ከወገቤ በላይ ደህና ነኝ። ከወገቤ በታች ያለውን የስፌት ማሽኑ ወስዶታል።

እናትሽ በሚያዝያ ካረፈች በኋላ ማሽኔን አስጭኜ እናንተ ቤት እንደገባሁ በስልክ ነግሬሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ስልኩ ሲጮህ አባትሽ ተነስቶ ጓሮ ይወጣል፤ ጥሪው እስኪያልቅ ግንቡን እያየ ይቆማል። ስልኩ የእናትሽ ሥራ ነበር። እኔም ባነሳው በስልክ ስናገር ቃል ይጠፋኛል፤ ያላሰብኩትን ተናግሬ ያሰብኩትን ይዤ እቀራለሁ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በደብዳቤ እንሁን።

ስለ አባትሽ ምን ልበልሽ። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ አሁን ራሱን ጋራዥ አስገብቶ ቁልፉን የወረወረ ይመስላል። ጠዋት የሹፌር ጃኬቱን ይለብሳል፤ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እዚያው ይውላል። አያለቅስም፣ አይቆጣም። ሲያናግሩት "እሺ" ይላል። ሾርባ አቀርብለታለሁ፤ ማንኪያውን ያነሳል፣ ያየዋል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል። ወስፋቱ ተዘግቷል። ሐኪሙ ልቡንም ጉበቱንም መርምሮ "ምንም የለበትም፣ ዋናው መብላቱ ነው" አለን። ይህንንማ እኔም ሳልማር እለው ነበር። ሱሪውን ደጋግሜ አጠበብኩለት፤ አንድ ጊዜ ከጨመርኩ የልጅ ሱሪ ሊሆን ነው። ክርዬ፣ እንዲህ ከቀጠለ ክረምቱን የሚያልፍ አይመስለኝም። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብሽም፣ ልብ በይው።

ከሰው አገር ገንዘብ እንዳትልኪ። ያለው ይበቃናል፤ የሚበላውም ሰው ጠፍቷል። የምፈልገው ወሬ ነው። ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው? እናትሽ ታውቅ ነበር። ሰው ሲጠይቃት ከሥር ከመሠረቱ ታስረዳለች፤ እኔ ደግሞ ጨርቅ እየቆረጥኩ አላዳመጥኳትም። አሁን ሲጠይቁኝ "ነጭ ጋዋን ለብሳ ነው የምትሠራው" እላለሁ። ጋዋኑንስ አወቅሁት፤ ውስጡ ያለችውን ነው ያላወቅኋት።

አክስትሽ ልብስ ሰፊዋ

ኅዳር 2

ውድ እትዬ፣

ጤና ለአንቺ፣ ጤና ለቤቱ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ።

ሥራዬን ጠይቀሻል። የምሠራው በወስፋት ላይ ነው። ወስፋት በምን እንደሚነቃ፣ በምን እንደሚተኛ እናጠናለን። ነርቮች የሚለቋቸው በጣም ትንንሽ መልእክተኞች አሉ፤ ኒውሮፔፕታይድ ይባላሉ። አንዳንዱ ወስፋትን ጸጥ ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ያነቃዋል። እኛ በሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ አንድ በአንድ እንሞክራቸዋለን። መልእክተኛው ከታወቀ መድኃኒቱም ይገኛል ተብሎ ነው።

ሥራው ጸጥ ያለ ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ውጭ መዝነቡን የማውቀው ሰው ጃንጥላ እያራገፈ ሲገባ ነው። ሳጥን የሚያህል ማሞቂያ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማል። እሱን እየሰማሁ እውላለሁ።

ስለ አባዬ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሰላም በይልኝ።

ክርዬ

ኅዳር 21

አንቺ ልጅ!

ሰላም ለእጅሽ፣ ሰላም ለጨው ውሃሽ! ፈጣሪ የደበቀልንን ነገር ታቅፈሽ ዝም! ወስፋት የሚያነቃ መልእክተኛ! እኔ እዚህ ወንድሜን በማንኪያ ስለማመጥ፣ ለካ አንቺ እዚያ ሆነሽ ወስፋት ስትቀሰቅሺ ነው የምትውይው። እናትሽ ይህን እያወቀች ምነው ጮክ ብላ አልነገረችኝም?

ደብዳቤሽን ይዤ መንገድ ማዶ ወዳለችው ፋርማሲስት ሄድኩ። አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ "በምግብ ፍላጎት ላይ የሚደረግ ምርምር ነው፤ ትልቅ ነገር ነው" አለችኝ፤ ወንበር ሰጠችኝ። በዚህ ሰፈር ስኖር ፋርማሲ ውስጥ ወንበር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወሬው ከኔ ቀድሞ ቤት ገባ። ልጇ አልበላ ያላት ጎረቤታችን አንድ ጠርሙስ አስመዘገበች። ጡረተኛው ጠበቃም መጥቷል፤ እሱ እንኳ ወስፋቱ ለሰፈር የሚተርፍ ስለሆነ የሚያስተኛውን ነው የሚፈልገው።

ለአባትሽ "ልጅህ መድኃኒትህን እየሠራችልህ ነው" አልኩት። "እሺ" አለ። ግን ወደኔ ዞሮ ነው እሺ ያለው፤ ሌላ ጊዜ ወደ በሩ ነው።

ቶሎ ላኪ። የሚያነቃውን። ብልቃጡ ላይ በትልቁ ጻፊበት፤ የሚያስተኛው ተቀላቅሎ እንዳይመጣ። የተኛስ እዚህም ሞልቶናል። የጨው ውሃውን እኔ አሞቃለሁ።

አክስትሽ፣ ወንበር የተሰጣት

ጥር 6

ውድ እትዬ፣

የቤታችሁ ሰላም አይጉደል። መልሴ ዘገየ። እየጀመርኩ እየተውኩት ነው።

ጥፋቱ የቃሉ ነው። ወስፋት ያልኩሽ ትሉን ነው። ሰው "ወስፋቴ ተዘጋ" ሲል የሚያነሳውን የምግብ ፍላጎት አይደለም። ነጭ፣ ረጅም፣ አንጀት ውስጥ የሚኖር ትል። ልጅ ሳለሁ አፍንጫዬን ይዘሽ ኪኒን ያጠጣሽኝ፣ እሱኑ።

በሳምንት ሁለት ጠዋት ቄራ እሄዳለሁ። አንጀት የሚያጥበው ሰውዬ በባልዲ ለይቶ ያቆይልኛል። ትሎቹን ቴርሞስ ውስጥ በሞቀ የጨው ውሃ አድርጌ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመለሳለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሻይ ይመስለዋል። ከየትኛው እንስሳ ሆድ እንደሚወጡ አትጠይቂኝ።

ከዚያ ትሉን ሰንጥቄ ከጀርባው ጡንቻ ቀጭን ቁራጭ አወጣለሁ። አንዱን ጫፍ በክር ከታች አስረዋለሁ፤ ሌላውን ጫፍ በክር ከላይ መንጠቆ ላይ። ሞቅ ያለ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይንጠለጠላል። ጡንቻው ሲኮማተር ክሩን ይስባል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ሲላላ መስመሩ ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ መስመር አያለሁ።

ፔፕታይዶቹ ከነርቭ የሚወጡ አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለቶች ናቸው። ጥቂት ፊደል ያለው ቃል አድርገሽ ቁጠሪያቸው። ብዙዎቹ ይመሳሰላሉ፤ ግን አንድ ፊደል ሲቀየር የሚያደርጉት ነገር ሊገለበጥ ይችላል። "ላላ" እና "በላ" የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ እንደዚያ። ደግሞ ፔፕታይድ እንደ ፈጣኑ ትእዛዝ አይጮህም። "ተኮማተር" ብሎ የሚጮህ ሌላ ነገር አለ። ፔፕታይዱ የሚለውጠው ጡንቻው ትእዛዙን የሚሰማበትን ጆሮ ነው። የሚያላላው ከደረሰበት፣ ትእዛዝ ቢመጣም ባይመጣም ለጡንቻው ግድ የለውም። ይንጠለጠላል።

መድኃኒት ያልኩሽም ትሉን አላልቶ የሚያስወጣውን ነው። የላላ ትል አንጀት ውስጥ ተደግፎ መቆየት አይችልም። ሰውን አያስርብም፣ አያስበላም። ጎረቤቶቹን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ለአባዬ የምልከው ነገር የለኝም።

ክርዬ

ጥር 28

ለትሎች አለቃ፣

እግዜር ይይልሽ፤ ከዚያ ደግሞ ይባርክሽ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ዶሮዋ እኔ ነኝ።

ፋርማሲስቷ ወንበሯን መልሳ ወሰደች። ልጇ አልበላ ያላት ጎረቤታችን ግን "እንግዲያው ትሉን ታስወጣለት" ብላ ስሟን አላሰረዘችም። ጠበቃው ተሟገተልኝ፤ "ወስፋት የሚለው ቃል ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ስለሆነ ደንበኛዬ አልዋሸችም" ሲል አመሸ። እንስሳውን ገምቻለሁ። እጅሽን ታጠቢ።

አሁን የምር ልንገርሽ። ደብዳቤሽን የማነበው ጮክ ብዬ ነው፤ ዐይኔ የዘለለውን ጆሮዬ እንዲይዝልኝ። አባትሽ ወንበሩ ላይ ነበር። "አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሻይ ይመስለዋል" ከሚለው ስደርስ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብርድ መስሎኝ በሩን ልዘጋ ተነሳሁ። እየሳቀ ነበር። ድምፅ የለውም፣ ግን ሳቅ ነው። ሰው በቴርሞስና በፌስታል ምን ምን ይዞ እንደሚሳፈር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቆይቶ፣ ሾርባው ቀዝቅዞ ቆዳ ካወጣ በኋላ፣ "ሲታጠብ ይነሳል?" አለኝ።

"ምኑ?" አልኩት።

"ያ የላላው። መድኃኒቱ ታጥቦ ሲለቅለት ይነሳል ወይ?"

ከ"እሺ" ሌላ ቃል ከአፉ ሲወጣ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ምን ብዬ ልመልስለት? እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ ሲታጠብ አንዳንዱ ይሰበሰባል፣ አንዳንዱ ቀለም ይለቃል። "ጽፋ ትነግርሃለች" አልኩት። ሾርባውን አልበላም። ማንኪያውን ግን እስኪመሽ ይዞት ነበር።

ለሱ ጻፊለት። በስሙ፣ በእጅሽ። በኔ በኩል አታዙሪው።

አክስትሽ

የካቲት 20

ውድ እትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ለአባዬ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ።

አንዳንዱ ይነሳል። በንጹህ ውሃ ስናጥበው መስመሩ ቀስ እያለ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እኔ የያዝኩት ፔፕታይድ ግን በማጠብ አይለቅም። ውሃውን ደጋግሜ እለውጣለሁ፤ ጡንቻው ላላ እንዳለ ይቆያል። አልሞተም። መሞቱንና አለመሞቱን የምናውቅበት መንገድ አለን፤ አልሞተም። ዝም ብሎ ነው።

ሌላም ነገር ንገሪው። በእኛ ሰውነት ነርቭ ነው ወደ ጡንቻ የሚሄደው። በትሉ ተገላቢጦሽ ነው። ጡንቻው ራሱ ቀጭን ክንድ ዘርግቶ ነርቩ ጋ ይደርሳል፤ መልእክቱን ሄዶ ነው የሚቀበለው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክንዶቹ ሁሉ ወደ አንድ መስመር ተዘርግተው ይታያሉ። ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እዚህ ያለው ክር ናይሎን ነው። ጡንቻው ያሙለጨልጫል፣ ቋጠሮው ይንሸራተታል። ያንቺን የጥጥ ክር ላኪልኝ፤ ቀጭኑን።

ብርዱ በርትቷል። አለቃዬ ደህና ሴት ናት፤ ብስኩት እየበላች ነው የምታስበው፤ ፍርፋሪዋን ከኪቦርዱ ላይ የማጸዳው እኔ ነኝ። እየበላሁ ነው።

ክርዬ

መጋቢት 18

ክርዬ፣

ሰላም ይድረስሽ። ዛሬ ምርቃት አልቆብኛል፤ በዚህች ተብቃቂ።

"እየበላሁ ነው" ብለሽ ጽፈሻል። ማን ጠየቀሽ? ሰው ሳይጠየቅ የሚመልሰውን እኔ አውቀዋለሁ። ስፌት ሊያስጠብቡ የሚመጡ ሴቶችም "ምንም አልቀነስኩም፣ ጨርቁ ነው የሰፋው" ይሉኛል።

ክሩን እነሆ ልኬያለሁ። የኔ አይደለም። ደብዳቤሽን ሳነብ ከክሩ ጋ ስደርስ አባትሽ ተነሳ። ወደ ጓሮ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ወደ መኝታ ቤት ገባና የእናትሽን የመርፌ ቆርቆሮ ይዞ መጣ፤ የብስኩት ቆርቆሮዋን፣ ክዳኑ የጎበጠውን። ካረፈች ወዲህ ማንም አልከፈተውም። ክዳኑ አልላቀቅ ሲለው ጉልበቱ መሀል አጣብቆ ፈለቀቀው። ቀዩን ክር መረጠ። "ነጭ ይሻላታል" አልኩት፤ አልሰማኝም። የኪኒን ካርቶን ቆርጦ ሲጠመጥም ዋለ። እጁ እንዲህ ሲሠራ ካየሁ ቆይቻለሁና ማሽኔን አቁሜ አየሁት። ልቤ ሞቅ አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልኩ።

እንቁላሉ ግን ተኛ። በማግስቱ ጃኬቱን አልለበሰም። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ውሃም እምቢ አለ። "እሺ" ማለቱንም ተወ፤ ያቺ "እሺ" ትናፍቀኛለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ ግሉኮስ ሰቀለለት። ጠብታው ሲወርድ እያየሁ አላለቀስኩም። ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ረገጥኩት፤ የማንም ያልሆነ ጨርቅ ከዳር እዳር ሰፋሁ።

አሁን ስሚኝ። በናንተ በሁለታችሁ መሀል የምትመላለሰው እናትሽ ነበረች። "አባትሽ ሰላም ብሎሻል" ትልሽ ነበር፤ ሰላም ሳይልሽ። "ልጅህ ናፍቃሃለች" ትለው ነበር፤ አንቺ ናፍቆት የሚባል ቃል ሳይወጣሽ። ልጠይቃት ስመጣ ስልኩን ይዛ እዚህ ቤት መሀል ቆማ ስትዋሽላችሁ ስንት ጊዜ ሰማኋት። አሁን እሷ የለችም፤ ሁለታችሁም ተንጠልጥላችኋል። እኔ ደግሞ መዋሸት አልችልበትም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ያጠረውን አጠረ ነው የምለው።

ትል እንኳ ክንዱን ዘርግቶ ሄዶ እንደሚቀበል የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ለሱ ጻፊ። ከንግዲህ በኔ ስም የሚመጣ ፖስታ አልከፍትም።

አክስትሽ

ሚያዝያ 12

አባዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ነህ ብዬ ለመጀመር ብዙ ወረቀት አበላሽቻለሁ። እንዴት እንደሆንክ እትዬ ጽፋልኛለች።

ክሩ ደርሶኛል። የጠመጠምከው አንተ መሆንህን ገና ሳየው አወቅሁ። እትዬ ስትጠመጥም ክሩ ይተላለፋል፤ አንተ መስመርህን አትለቅም። ጡንቻ አሰርኩበት። ቋጠሮው ያዘ። ከዚያ ውሃው ሞቀና ክሩ ቀለም ለቀቀ። ብርጭቆው ሮዝ ሆነ። ቀለሙ ጡንቻውን ነካው መሰለኝ መስመሩ ወዲያ ወዲህ ዘለለ፤ የዕለቱ ሥራ ተበላሸ። አለቃዬ መጥታ ብርጭቆውን አየች፤ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። "የእናቴ ክር ነው" አልኳት። ይህን ስላት አለቀስኩ። ከሚያዝያ እስከ ሚያዝያ አላለቀስኩም ነበር። ቀብሯ ላይ ሳልቆም ስቀር አላለቀስኩም፤ እንባው የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ሴትየዋ ብስኩቷን ሰጠችኝና አጠገቤ ቆመች።

አንተ ሲታጠብ ይነሳል ወይ ብለህ ነበር። በእትዬ በኩል የመለስኩልህ መልስ ጎዶሎ ነው። ልጨርሰው።

ሌላ ፔፕታይድ አለ። ከሚያላላው ጋር ይመሳሰላል፤ ጥቂት ፊደል ነው የሚለያቸው። ሰዎች ከኔ በፊት ሞክረውት ጽፈዋል፣ አንብቤዋለሁ፤ ግን በእጄ አድርጌው አላውቅም ነበር። በማግስቱ አዲስ ጡንቻ አሰርኩ፤ በናይሎኑ። ፔፕታይዱን ጠብ አደረግኩበት። መስመሩ ወረደ። ከነበረበት ባሰ፤ ጭራሽ ላላ። ብልቃጥ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ጡንቻውን ልጥለው መቆንጠጫ አነሳሁ። አለቃዬ "ተይው፣ ጠብቂ፣ ይሄ የመጀመሪያው ክፍል ነው" አለችኝ።

ጠበቅሁ። መስመሩ ትንሽ ቀና አለ። ከዚያ ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያጥበው፣ በራሱ ምት ይኮማተር ጀመር። ወደ ቤት ስንሄድም አላቆመም። መጀመሪያ ያላላዋል፣ ቀጥሎ ለረጅም ጊዜ ያንቀሳቅሰዋል፤ መልእክቱ ያው አንዱ ነው። ቆርቆሮውን ከከፈትክ በኋላ መተኛትህን እትዬ ስትጽፍልኝ ይህን አላየሁም ነበር። አሁን አይቼዋለሁ። ስለዚህ ማንም መቆንጠጫ እንዳያነሳብህ እፈልጋለሁ።

አባዬ፣ እኔም እየበላሁ አይደለም። ለእትዬ ዋሽቻታለሁ። ቀኑን ሙሉ ወስፋት ሳይ እውላለሁ፤ የራሴ ወስፋት ግን ተዘግቷል። ቃሉን ለራሴ ስጠቀምበት የመጀመሪያዬ ነው። ሳህን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አየዋለሁ፤ አጥቤ እመልሰዋለሁ። አንተም ማንኪያውን አይተህ እንደምታስቀምጠው ሳነብ፣ እዚህ ማን አይቶኝ ነው የነገራት ብዬ ደነገጥኩ።

እናቴ "አባትሽ ሰላም ብሎሻል" ስትለኝ እንዳላልከኝ አውቅ ነበር። ቢሆንም ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የምታመጣልን የለችም። እንግዲህ ክንዴ ይኸው፤ ሌላ ዘዴ አላውቅም።

ልጅህ

ግንቦት 7

ለልጄ፣

ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ስጽፍ የኖርኩት የጉዞ ሪፖርት ነው። በዚያው ዓይነት እጽፋለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሷል። አክስትሽ ላንብብልህ ስትለኝ ተቀብያት ራሴ አነበብኩት። መጀመሪያ ባሰብኝ። ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጥኩ እንባዬ ይወርድ ጀመር፤ አልቆም አለ። አክስትሽ ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አነበበችው፤ ከዚያ በሩ ላይ ወንበሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ "ይሄ የመጀመሪያው ክፍል ነው፣ ጠብቁ" እያለች መለሰች። ጠበቃው "የምኑ የመጀመሪያ ክፍል?" ቢላት "የትሉ" አለችው።

ከዚያ ተነሳሁ። ጃኬቱን አልለበስኩም፣ ሙቀት ነው።

ቀዩ ክር ቀለም እንደሚለቅ አውቅ ነበር። እናትሽ አንድ ጊዜ የሸሚዜን ቁልፍ በእሱ ሰፍታልኝ፣ ዝናብ መትቶኝ፣ ደረቴ ቀልቶ ተሳፋሪ ሁሉ የቆሰልኩ መስሎት ነበር። እያወቅሁ ነው የላክሁት። እሷ የነካችው ነገር ይድረስሽ ብዬ ነው። ሥራሽን አበላሽቻለሁና ይቅር በይኝ። ነጩን አክስትሽ ከዚህ ጋር ልካለች፤ እኔ ጠምጥሜዋለሁ።

ስልክ ደውይ። ጓሮ አልወጣም። ምን እንደሚባል አላውቅበትም፤ ቃል ካጣሁ ዝም እላለሁ፤ ያን ጊዜ አንቺ ስለ ትሉ ንገሪኝ።

ሰላም ብዬሻለሁ። ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ላላ ከሚለው ቃል አንዷን ፊደል ቀይሬያታለሁ። አንቺም ቀይሪያት። ወረቀቱ ላይ ያለችው ጠብታ እንባ እንዳትመስልሽ፤ ሾርባ ናት።

አባትሽ